አንገት የሌለው ተሳቢ

ባለፈው ሳምንት አትላንታ አጠገብ ታከር ውስጥ፣ ከአንድ የግንባታ ዕቃ መደብር ፊት ለፊት፣ አንድ የኛ አገር ልጅ ከመኪናው የፈታውን ትንሽ ተሳቢ ሲቆልፍ አየሁት። ከመደብሩ የገዛውን ቢጫ ጓጉንቸር ማያያዣው አፍ ላይ ገጠመ፤ ቀጭ አደረገው፤ ሁለት ጊዜ ነቀነቀው። ከዚያ እጁን ሱሪው ላይ ጠራርጎ ሥራውን እንደጨረሰ ሰው ሊሄድ ሲል ጠራሁት። እንዲህ ያለ ነገር አይቼ ማለፍ አልችልም፤ ተፈጥሮዬ ነው።

«ልጄ፣ ይሄን ቁልፍ እኔ በአንድ መዶሻ፣ አንተ እስከ አስር ሳትቆጥር እከፍተዋለሁ» አልኩት።

ልጁ ሳቀ። «አንክል፣ ጂፒኤስ አለው እኮ። ቢሰረቅ እንኳን ስልኬ ላይ ይታየኛል።»

«ሲሄድ ቆመህ ታየዋለህ ማለት ነው?»

«ኖ፣ ላይክ… የት እንዳለ አውቃለሁ፣ ከዛ ፖሊስ ኮል አደርጋለሁ።»

የት እንዳለ አውቃለሁ ያለው ነገር መኪናዬ ውስጥ ከገባሁም በኋላ አልለቀቀኝም። እኔ የምጠብቀው ተሳቢ አንድ ቅዳሜ ጠፍቶ ነበር። የት እንዳለ ከእኔ በቀር ሰው ሁሉ ያውቅ ነበር።

ጊዜው በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ ማብቂያ ላይ ነው። እኔ ሠላሳ ዓመት ያልሞላኝ፣ ጸጉሬ ከሰል የመሰለ፣ ወገቤ ሞተር የሚያነሳ ወጣት ነበርኩ። ስሜ እንድሪስ ነው፤ ያኔ ግን ሁሉም እንድሬ ይለኝ ነበር። አንድ የፎርክሊፍት ጥገና ቤት ወለል ጠራጊ ሆኜ ገብቼ፣ በዓመቱ የማይነሳ ሞተር ሁሉ ወደ እኔ ይመጣ ነበር። ብየዳ ያስተማረኝ የለም። ሃይድሮሊክ ያስተማረኝ የለም። ሌሎቹ ምሳ ሲበሉ እኔ የተሰበረውን ፈትቼ አያለሁ፣ መልሼ እገጥማለሁ፤ ይኸው ነው ዩኒቨርሲቲዬ። ይህን የምለው ለጉራ አይደለም፤ የሚያውቁኝ ይመስክሩ።

የምኖረው ዲኬተር ውስጥ ከሙሄ ጋር ነበር። ሙሄ እንደኔ የደሴ ልጅ ነው፤ ታክሲ ይነዳል፣ ሲናገር ሰው ያስቃል፣ ሲያበስል ጎረቤት ያስቀናል። ባለ አንድ መኝታ አፓርትመንት ተጋርተን፣ እኔ መኝታ ቤቱን፣ እሱ ሳሎኑን ይዘናል። በወር አንድ ጊዜ ደሴ ላለችው ታላቅ እህቴ እደውላለሁ። ስሟ ዘይነባ ነው፤ እኔ ግን እታበባ ነው የምላት። እናታችን ልጅ ሳለሁ ሞታ ያሳደገችኝ እሷ ናት። እንደ ሌላው ሰው ቶሎ ስለ ጤና አትጠይቅም። መጀመሪያ የምትለው «ደግሞ ምን ሠራህ?» ነው። እኔም የሠራሁትን እነግራታለሁ። ያን ዓመት የነገርኳት ስለ ተሳቢው ነበር።

ተሳቢው የእድራችን ነው። እድራችን ያኔ ትንሽ ነበር፤ ከወሎ የመጣን እስላሞችም፣ በስደት ሱዳን አቋርጠው የመጡ ክርስቲያኖችም አንድ ላይ ነበርን። ንብረታችን ድንኳን፣ ታጣፊ ወንበሮችና በሬ የሚያበስሉ ድስቶች ሲሆን፣ ሁሉም ባለ ሁለት ጎማ በሆነ ሣጥን መሰል ተሳቢ ውስጥ ይቀመጣል። እዚህም ይሁን አገር ቤት ሰው ሲሞት፣ መጎተቻ ያለው መኪና የያዘ አባል ተሳቢውን አስሮ ሐዘንተኛው በር ላይ ያደርሰዋል። የአፓርትመንት ሳሎን ስንት ለቀስተኛ ይይዛል? ድንኳኑ ውጭ ይተከላል፤ ሰዉም እዚያ ይቀመጣል።

የመጀመሪያው ተሳቢያችን ተሰረቀ። ከመኪና የተፈታ ተሳቢ ማለት ልጓሙ ሜዳ ላይ የተጣለ በቅሎ ነው፤ ሌባው መኪናውን ወደ ኋላ ያስጠጋል፣ ያያይዛል፣ ይሄዳል። አንድ ጠዋት ስንነሳ የቆመበት ቦታ ባዶ ነበር። በሳምንቱ ደግሞ የአባላችን የወይዘሮ አስካለ ባል አረፈ። ዝናብ ነበር። ሽማግሌዎቹ አፓርትመንቱ ደረጃ ሥር ጃንጥላ ይዘው ቆሙ፤ የተቀሩት የቆሻሻ ላስቲክ ቀደው ራሳቸው ላይ አደረጉ። ወይዘሮ አስካለ በሐዘኗ ላይ ደግሞ በሩ ጋ እየወጣች «ግቡ እንጂ፣ ግቡ» ትላለች፤ መግቢያ ግን አልነበረም። ያን ቀን ያላፈረ ሰው የለም። እኔ ከሁሉም በላይ አፈርኩ። ያንን ተሳቢ በየቀኑ አልፌው እየሄድኩ፣ ቁልፉ የልጅ መጫወቻ እንደሆነ እያየሁ፣ ዝም ብዬ ነበርና።

ሁለተኛውን ተሳቢ አዋጥተን ስንገዛ ስብሰባ ተጠራ። የእድሩ ዳኛ ጋሽ ወርቁ ነበሩ። በደርግ ጊዜ ውጭ አገር ምህንድስና የተማሩ፣ ታከር አንድ የምንጣፍ መጋዘን የሚቆጣጠሩ፣ ክራባት ሳያስሩ ስብሰባ የማይመጡ ሰው ናቸው። የመጋዘኑ ጓሮ በር አለው፤ ተሳቢው እዚያ ይቁም አሉ። አንዱ ሰንሰለት ይገዛ አለ። ሌላው ማያያዣው ላይ የሚገባ ቁልፍ አለ። ብድግ አልኩ።

«ሰንሰለት ይቆረጣል። ቁልፍ ይሰበራል። ለእኔ ስጡኝ፤ ሌባ ቢመጣ የሚጎትተው ነገር እንዳያገኝ አደርገዋለሁ። ከዛሬ ጀምሮ ይሄ ተሳቢ ቢጠፋ ተጠያቂው እኔ ነኝ። አንድም ለቀስተኛ ሜዳ ላይ አይቆምም።»

«በምን ዘዴ ነው አቶ እንድሪስ?» አሉ ጋሽ ወርቁ በመነጽራቸው በላይ እያዩኝ።

«ሠርቼ አሳይዎታለሁ።»

«ንድፍ የለውም?»

«ንድፉ እዚህ ነው» ብዬ ግንባሬን ነካሁ። ሰዉ ሳቀ። ወይዘሮ አስካለ ግን አልሳቀችም። «ስጡት፤ ቃሉን ሰጥቷል» አለች።

ምን አደረግኩ? የተሳቢውን መጎተቻ ብረት ከሥሩ ቆረጥኩት። ሣጥኑ ሥር አራት ማዕዘን ብረት በየድኩና፣ የቆረጥኩት አንገት ልክ እንደ ሰገባና ጎራዴ እዚያ ውስጥ እንዲገባ አደረግኩ። ሲፈለግ ይገባል፤ በሁለት ወፍራም ብሎን ይታሰራል። ሳይፈለግ ይነቀላል። የብሎኖቹን ራስ በሞረድ ሞርጄ ሦስት ማዕዘን አደረግኳቸው። ሦስት ማዕዘን ራስ የሚይዝ መፍቻም ራሴ ሠራሁ። ተሳቢው ሲቆም አንገቱን እነቅላለሁ፣ በክሪክ አንስቼ ሁለቱን ጎማዎች እፈታለሁ፣ ሣጥኑን ብሎኬት ላይ አስቀምጠዋለሁ፤ አንገቱንና ጎማዎቹን መኪናዬ ውስጥ ጭኜ ቤቴ እሄዳለሁ። ሃያ ደቂቃ አይፈጅም። የኋላ በሩን ቁልፍ ከመፍቻው ጋር በጫማ ማሰሪያ አንገቴ ላይ አሰርኩት። ጋሽ ወርቁ ቅጂ ጠየቁ። «ሁለት ቁልፍ ካለ ቁልፍ የለም ማለት ነው» ብዬ ከለከልኳቸው።

እኔ እስከማውቀው ድረስ አትላንታ ውስጥ እንዲህ ያለ ተሳቢ አልነበረም። ዛሬም ያለ አይመስለኝም።

«እንድሬ፣ ሰው አልጋው ሥር ጫማ ያስቀምጣል፤ አንተ የጋሪ አንገት» ይለኛል ሙሄ። «ሚስት ብታገባ ምን ብለህ ነው የምታስረዳት?»

«ኩራቱ ይበቃታል።»

«ጎማውን እንኳን ከሻወር ቤቱ አውጣልኝ በአላህ! ስታጠብ የተገጨሁ መሰለኝ።»

ለእታበባም በስልክ ነገርኳት። ድምፁ እየተቆራረጠ፣ ትንፋሽ እስኪያጥራት ድረስ ሳቀች። «አንገቱን ቆርጠህ አልጋህ ሥር አስገባኸው? ምነው እዚህ ሆኜ ባየሁት!» አለችኝ። ያች ሳቅ ከስብሰባው ጭብጨባ ሁሉ ትበልጥብኝ ነበር።

ሁለት ዓመት ሙሉ ማንም አልነካውም። በዚያው ጓሮ አጠገብ ከነበሩ መጋዘኖች ሌሎች ተሳቢዎች ጠፉ፤ የኛ ቆመ። ዝናዬ ሎረንስቪል ድረስ ደረሰ። እዚያ ያለ ሌላ እድር ሽፈራው የሚባል የንብረት ኃላፊውን ልኮ፣ አይተህ ና፣ ለኛም ይሥራልን አለው።

ሽፈራው የመጣው ቅዳሜ ቀን ነው። ሚያዝያ ነበር፤ አትላንታ የኖረ ሰው የሚያዝያን ቢጫ ብናኝ ያውቀዋል። ጥዶቹ ያራግፉታል፤ መኪናው፣ መንገዱ፣ የመስኮቱ ጠርዝ ሁሉ እርድ የተነሰነሰበት ይመስላል። ቅዳሜ ቅዳሜ እስከ እኩለ ቀን ነው የምሠራው። ብዙ ጊዜ ከዚያ ዕቃ ለመግዛት እዞራለሁ፤ ወደ ተሳቢው የምሄደው እሑድ ነው። ያን ቀን ግን ሽፈራውን ከሥራ ቦታዬ ይዤው ወጣሁ። መንገድ ላይ ከሚሸጡት የተቀቀለ ለውዝ ገዛን፤ ትኩሱንና ጨዋማውን እየፈለፈልን፣ ልጣጩን በወረቀት ከረጢት እያጠራቀምን፣ እኔ እስከ ታከር ድረስ ስለ ሦስት ማዕዘኑ ብሎን አስረዳሁት።

የጓሮውን በር ጋሽ ወርቁ በሰጡኝ ቁልፍ ከፈትኩ። የበሩ ቁልፍ እንደተቆለፈ ነበር። «ይኸውልህ!» ብዬ እጄን ዘርግቼ ዞርኩ።

ተሳቢው የለም።

አራት ብሎኬቶች ብቻ ቆመዋል። በዙሪያቸው መሬቱ ቢጫ ነው፤ ተሳቢው የነበረበት ቦታ ግን በመቀስ የተቆረጠ ይመስል ንጹሕ አራት ማዕዘን አስፋልት። የተጎተተ ነገር ምልክት የለም። ብናኙ ላይ ያለው የብዙ ሰው ጫማ ነው።

ሽፈራው ለውዙን ማኘክ አቆመ። «አንገቱ አንተ ጋ ነው አይደል?»

«አልጋዬ ሥር ነው!»

«ጎማውስ?»

«ሻወር ቤት!»

ትንሽ አሰበና «እንግዲህ እንድሬ፣ እኔ ሌላ ቀን ብመጣ ይሻላል» አለ። አውቶቡስ ማቆሚያ አድርሰኝ እንኳን ሳይል በእግሩ ሄደ።

ዓይኔ ላይ የመጣው ወይዘሮ አስካለ በዝናብ «ግቡ እንጂ» ስትል ነው። ቃሌን ሰጥቼ ነበር። ነገ አንድ ሰው ቢሞት ለቀስተኛው ሜዳ ላይ ይቆማል፤ ጥፋቱም የእኔ ነው። መንገዱ ጥግ ካለው የሳንቲም ስልክ መጀመሪያ ፖሊስ ጠራሁ፤ ቀጥሎ ጋሽ ወርቁ ቤት ደወልኩ።

«ጋሽ ወርቁ፣ ተሳቢው ተሰርቋል!»

«አንተ አሁን እዚያ ምን ታደርጋለህ? ቅዳሜ አይደል እንዴ?» አሉ።

«ምን አደርጋለሁ ይሉኛል? ተሰርቋል እኮ ነው የምልዎት! ፖሊስ እየመጣ ነው።»

«ፖሊስ? አይ… ለ… ለእጥበት ተወስዶ ይሆናል። አንተ ከዚያ አትነቃነቅ፤ መጣሁ።»

ጎማ የሌለው ተሳቢ ለእጥበት! ስልኩን ሰቅዬ ስመለስ ፖሊሱ ደርሶ ነበር፤ ፊቱ ላይ ጠቃጠቆ ያለበት ወጣት። ምን እንደተወሰደ ጠየቀኝ። በዚያን ጊዜ በነበረኝ እንግሊዝኛ ድንኳን፣ ወንበር፣ ድስት ብዬ ነገርኩት። መኪና ላይ ሳይታሰርና ያለ ጎማ እንዴት ሄደ ብሎ ሲጠይቀኝ፣ አንገቱን እኔ እንደቆረጥኩት አስረዳሁ። እስክሪብቶውን አቁሞ አየኝ።

ይህን ጊዜ የሙሄ ታክሲ ገባ። ጋሽ ወርቁ ከፊት ተቀምጠዋል፤ ክራባት አላሰሩም። ሙሄ ወርዶ ወደ እኔ መጣ፤ ዓይኑን ግን መሬት ላይ ነው የጣለው።

«እንድሬ፣ ለጥገና ነው የተወሰደው፤ በቃ ወደ ቤት እንሂድ» አለኝ።

«ጋሽ ወርቁ ለእጥበት አሉ፤ አንተ ለጥገና ትላለህ። የትኛው ነው?»

ሁለቱ ተያዩ። እኔ ደግሞ ያየሁት የሙሄን ጃኬት ነው። ደረቱ፣ ትከሻው፣ እጅጌው እስከ ክርኑ በቢጫ ብናኝ ተለውሷል፤ አንድ ትልቅ ነገር አቅፎ የተሸከመ ሰው እንጂ እንዲህ አይሆንም።

«ይሄ ምንድን ነው ደረትህ ላይ?»

«ፖለን ነው።»

«ከየት የመጣ?»

አልመለሰም። አንድ ሰው ሳይመልስ ሲቀር ደሜ ይፈላል፤ ያኔ ደግሞ ወጣት ነበርኩ። ኮሌታውን ያዝኩት። «አብሬህ እየበላሁ፣ አብሬህ እየኖርኩ! የሙታን ዕቃ ትሸጣለህ? ሌባ! ስንት ሰጡህ?» አልኩት። ይህን ሁሉ በአንድ ፖሊስና እንደ አባት በምናከብራቸው ሰው ፊት። ሙሄ ቀልደኛው፣ ለአንድ ቃል አስር የሚመልሰው ሙሄ፣ አንድ ቃል አልመለሰም። ከንፈሩ ይንቀጠቀጥ ነበር። እኔ ያንን የጥፋተኛ ፍርሃት አድርጌ ቆጠርኩት።

ጋሽ ወርቁ ፖሊሱን ወደ ዳር ወሰዱትና በዚያ በተማሩት እንግሊዝኛ ለረጅም ጊዜ አናገሩት። ፖሊሱ ማስታወሻውን አጠፈ። ወደ እኔ ሲመጣ ባርኔጣውን አውልቆ ነበር። ትከሻዬን ነካ አድርጎ፣ ራስህን ጠብቅ ብሎኝ ሄደ። ሪፖርት የለ፣ ምን የለ። ዳኛውም የሌባው ተባባሪ ናቸው አልኩ በልቤ።

ማታ ሙሄ እራት ሠራ። እንቁላል በቃሪያና በቲማቲም ፍርፍር አድርጎ፣ ቅቤ ጨምሮ አቀረበ። የሰደብኩት ሰው የሚያቀርብልኝን ምግብ አልበላም ብዬ ፊቴን ወደ ግድግዳ አዞርኩ።

«ትንሽ ቅመስ እንድሬ።»

«አልበላም።»

«ለኔ ብለህ አይደለም። ጉልበት ያስፈልግሃል።»

«ለምን? አንተን ለመደብደብ?»

ሰሃኑን ወደ እኔ አስጠጋ። «እታበባን መቼ ነው ያነጋገርካት?» አለኝ።

«በዒድ። ለምን ጠየቅከኝ?»

«እንዲሁ» አለና ሰሃኑን አንስቶ ወደ ማድቤት ገባ። ቧንቧው ለረጅም ጊዜ ሲፈስ ይሰማኝ ነበር፤ የሚታጠበው ግን አንድ ሰሃን ነው።

ሊነጋጋ ሲል በር ተንኳኳ። ሙሄ ለብሶ ሳሎን ተቀምጧል። ተነስቼ በመስኮት ወደ መኪና ማቆሚያው ሳይ፣ ተሳቢው ቆሟል! የራሴ ተሳቢ፣ አንገትም ጎማም ሳይኖረው፣ አዲስ ብሎኬት ላይ ተቀምጦ፣ አጠገቡ አንድ አባላችን የሚነዳው መኪና ጫኝ ትራክ።

እንዴት እንደ ተደሰትኩ ልነግራችሁ አልችልም። «ተገኘ!» ብዬ ጮህኩ። በር ላይ የቆሙትን ሰዎች ፊት እንኳን ሳላይ፣ በባዶ እግሬ ደረጃውን ወረድኩ። የተሳቢው ጎንና ጎን በቢጫ ብናኝ ተሸፍኖ ነበር፤ ብናኙ ላይ ደግሞ የእጅ መዳፍ አለ። አንድ ሁለት አይደለም፤ ከፊት እስከ ኋላ ዙሪያውን መዳፍ ብቻ። የበሩን ቁልፍ አየሁ፤ አልተሰበረም። አንድ ሰው ትልቅ መቁረጫ ይዞ አጠገቡ ቆሟል። «ቆይ፣ ቆይ፣ አትስበረው!» አልኩት። ከአንገቴ ቁልፉን አውጥቼ ከፈትኩ። ወንበሮቹ አሉ። ድስቶቹ አሉ። ድንኳኑ እንደታሰረ አለ።

«ሙሉ ነው! ምንም አልጎደለም! አላልኳችሁም? ማንም አይከፍተውም አላልኳችሁም?»

ስዞር ሰዉ በዝቷል። ወንዶቹ አንገታቸውን ደፍተዋል። ወይዘሮ አስካለ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለብሳለች። ሁለት ሰዎች በአጠገቤ አልፈው ድንኳኑን ከውስጥ ማውጣት ጀመሩ። ቀስ ብለው፣ ድምፅ ሳያሰሙ።

«ማን ሞቶ ነው?» አልኩ።

ሁሉም ወደ እኔ ያያል።

«ማነው የሞተው?»

«እንድሬ» አሉ ጋሽ ወርቁ። አቶ ብለው አልጠሩኝም። «ልጄ፣ እታበባ አርፋለች።»

ሙሄ ከኋላዬ ያዘኝ። መያዝ እንደሚያስፈልገኝ አውቆ፣ ከደረጃው ጀምሮ ተከትሎኝ ነበር የወረደው።

የእህቴ ባል የደወለው ቅዳሜ ጠዋት ለሙሄ ነው። ለእኔ አይደወልም፤ በኛ አገር ሰው የወንድሙን የእህቱን ሞት በስልክ፣ ብቻውን ቆሞ አይሰማም። ሰው ተሰብስቦ፣ ሲነጋ፣ ቤቱ ሄዶ ነው የሚነገረው። እስከዚያ ያወቀ ሁሉ አላውቅም ይላል። ድንኳኑን ቀድሞ ለማምጣት አንገቱንና ቁልፉን እኔን መጠየቅ ነበረባቸው። ማን ሞቶ ነው ብላቸው ምን ሊሉ? በሕይወት ያለን ሰው ሞተ ብሎ ስሙን መጥራት ሟርት ነው። ሐዘን የተቀመጠን ሰው ደግሞ ተነስና ጎማ ግጠም አይባልም። ስለዚህ አስራ አራት ሆነው ገብተው፣ ከነሣጥኑ ከነዕቃው በእጃቸው አንስተው፣ በትከሻ ደግፈው ትራኩ ላይ ጫኑት። እኔ አንድ ሌባ በአንድ መኪና ሲመጣ ነበር ያሰብኩት። አስራ አራት ሰው በባዶ እጁ ይመጣል ብዬ አላሰብኩም።

ሦስት ቀን በዚያ ድንኳን ተቀመጥኩ። የመጣው ሰው ብዛት! ሸኾች ዱዓ አደረጉ፤ ክርስቲያኖቹ እነ ወይዘሮ አስካለ ለእስላሙ ሌላ፣ ለክርስቲያኑ ሌላ ድስት ጥደው እስከ ማታ ቆሙ። በሁለተኛው ቀን ዘነበ፤ ሸራው ላይ እንደ ጠጠር ይወርዳል፣ ከሥሩ ግን አንድ ሰው አልረጠበም። ስለ እህትህ ንገረን ሲሉኝ የስፌት መኪናዋን ነገርኳቸው። የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ሆኜ፣ ውስጡን ላይ ብዬ የምትተዳደርበትን መኪና እስከ መጨረሻው ብሎን ድረስ ፈታሁት፤ መግጠም አቃተኝ። ሁለት ቀን ሙሉ ደንበኛ በመጣ ቁጥር «መኪናው ባለሙያ እያየው ነው» እያለች መለሰቻቸው። አልመታችኝም። ማታ ማታ ኩራዝ ይዛ አጠገቤ ተቀመጠች። በሦስተኛው ቀን ገጠምኩት። ያስተማረኝ የለም ስል ነበር የኖርኩት። ኩራዙን ማን ይዞልኝ ነበር?

የመጨረሻው ቀን ሰዉ ሲበተን ከሙሄ ጋር ብቻችንን ቀረን።

«ሌባ አልኩህ» አልኩት።

«አልክ።»

«በፖሊስ ፊት።»

«ያንን እንኳን እርሳው፤ ወገቤን ግን አልረሳልህም። ምን አይነት ድስት ነው በአላህ የጫንክበት? ጋሽ ወርቁ መሐንዲሱ ሥሩ ገብተው ‹ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ› ሲሉ ትከሻችን ወለቀ።» ከዚያ ቀልዱን ተወና «አንድ ቃል ብናገር ይወጣብኝ ነበር እንድሬ። ለዚህ ነው ዝም ያልኩህ» አለኝ።

ከዚያ በኋላ ብዙ ነገር ሠርቻለሁ። ሎረንስቪል ቤት ገዝቻለሁ፤ የራሴን የጥገና ቤት ከፍቼ ለልጆቼ አስረክቤአለሁ፤ እኔ የበየድኩት ብረት እስካሁን አልተሰነጠቀም። ሙሄ አሁን ሦስት የልጅ ልጆች አሉት፤ ጋሽ ወርቁን ቀብረናቸዋል። እድራችንም አድጎ የራሱ አዳራሽ አለው። መርዶ ሲኖር ግን የሚላከው እኔ ነኝ። የተማረም ያልተማረም «እንድሪስ ይሂድ» ይላል፤ እውነታቸውን ነው፤ በዚህ ከተማ እንደኔ አድርጎ መርዶ የሚነግር የለም። ይህንንም ማንም አላስተማረኝም ልል ነበር፤ አልልም። ሙሄ ነው ያስተማረኝ፣ ኮሌታውን ይዤው እያለ።

ባለፈው ክረምት አባቷ አገር ቤት የሞቱባት አንዲት ነርስ ነበረች፤ እዚሁ ዲኬተር የምትኖር፣ እንደ ልጄ የማያት። ነገ ሲነጋ እንነግራታለን ተባብለን በተስማማንበት ቅዳሜ ራሷ ደወለችልኝ። መኪናዋ ፍሬን ስትይዝ ይጮኻል። ስለ ፍሬን ሃያ ደቂቃ አወራኋት፤ ድምፄ አልተንቀጠቀጠም። ሲነጋ ከሽማግሌዎቹ ጋር ሄጄ በሯን አንኳኳሁ። ከፈተችና ከሁሉም መሐል እኔን አይታ ፈገግ አለች።

«ጋሼ፣ መኪናዬን ሊያዩልኝ ነው በዚህ ሌሊት የመጡት?»

ፊቴን አላዞርኩም። ብዙ ሰው በዚያ ሰዓት ፊቱን ያዞራል። ፈገግታዋ ቀስ ብሎ ሲጠፋ አየሁት፤ ከዚያ በሁለት እጇ ደረቴን መታችኝ።

«ትናንት ያውቁ ነበር! ሲያወሩኝ ያውቁ ነበር!»

«አዎ ልጄ፣ አውቅ ነበር» አልኳት፤ መትታ መትታ እስኪደክማት ድረስም ከቆምኩበት አልተነቃነቅኩም።